የእሳት እራት ዓይን የሚባለው ነፀብራቅ አጥፊ ፊልም ለፎቶ ፍሬም ይሆናል?

ፍሬምና ፎቶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፎቶ አትሜ፣ ፍሬም አድርጌ ነው የምሸጠው፤ አልፎ አልፎ ኤግዚቢሽን ላይም አቀርባለሁ። መስታወት ይከብዳል፣ መንገድ ላይም ይሰበራል፣ ስለዚህ ፊቱን በአክሪሊክ ነው የምሸፍነው። የሚያቃጥለኝ ነፀብራቁ ነው። በተለይ ጥቁር የበዛባቸው ፎቶዎች፣ ማታ የተነሱ ወይም ሻማ ብቻ በበራበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሱ፣ መስኮት ፊት ለፊት ከተሰቀሉ ሰው የሚያየው የራሱን ፊትና ከኋላው ያለውን መንገድ ነው። ስንት የለፋሁበት ፎቶ መስታወት ሆኖ ይቀራል።

አንድ ሻጭ «አንቲ ግሌር ነው» ብሎ የሰጠኝን ፊልም ለጥፌ አየሁት። የመስኮቱ ምስል ጠፋ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ፎቶውም አብሮ ደበዘዘ። ጥቁሩ ግራጫ ሆነ፣ የነጠላው ጥለት ዝርዝር ሁሉ ጠፋ። ፎቶውና አክሪሊኩ መካከል ክፍተት ሲኖር ደግሞ ይብሳል።

ከዚያ ሳነብ «የእሳት እራት ዓይን» የሚባል የፕላስቲክ ፊልም እንዳለ አገኘሁ። ላዩ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉብታዎች አሉት፣ ብርሃን አይመልስም ይላሉ። ይሄ ነገር ከገዛሁት በምን ይለያል? ለምንስ ነው ጉብታ ብርሃን እንዳይመለስ የሚያደርገው፣ ሸካራ ነገር ይበልጥ አይበትንም እንዴ? ደግሞ ቢገዛ ይበረክታል? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ነገሩን መረዳት እፈልጋለሁ።


የኦፕቲክስ መምህር፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን እንለያቸው። የገዛሽው ፊልም ነፀብራቁን አይቀንስም፣ ይበትነዋል። ላዩ የተሠራው በማይክሮሜትር በሚለካ ሸካራነት ነው፣ ይህ ከብርሃን ሞገድ ይበልጣል። ስለዚህ ከመስኮቱ የመጣው ብርሃን በየአቅጣጫው ይረጫል። የመስኮቱ ቅርጽ ይጠፋል፣ ብርሃኑ ግን እዚያው ነው፣ ፎቶው ላይ እንደ ቀጭን ጭጋግ ይነጠፋል። ጥቁሩ ግራጫ የሆነብሽ በዚህ ነው። ከፎቶው የሚመጣውም ብርሃን በዚያው ሸካራ ገጽ ሲያልፍ ይበተናል፤ ክፍተት ሲጨመር የባሰው ለዚህ ነው።

አሁን ነፀብራቁ ከየት እንደሚመጣ። ብርሃን ከአየር ወደ አክሪሊክ ሲገባ የስብረት ኢንዴክሱ (ብርሃን በአንድ ነገር ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚነግረው ቁጥር) ከ1 ወደ 1.49 በአንዴ ይዘላል። በዚህ ዝላይ የተነሳ 4 በመቶ ገደማ ይመለሳል። ከጀርባው ሲወጣ ደግሞ ሌላ 4 በመቶ። ድምሩ 8 በመቶ አካባቢ ነው። ፒኢቲ የሚባለው ፕላስቲክ ኢንዴክሱ ወደ 1.65 ስለሚጠጋ አንዱ ገጹ ብቻ 6 በመቶ ይመልሳል። ይህ ሁሉ ፊት ለፊት ለሚመጣ ብርሃን ነው። በጎን ሲመጣ ይጨምራል፤ ኢንዴክሱ 1.5 በሆነ ገጽ ላይ በ60 ዲግሪ ወደ 9 በመቶ፣ በ75 ዲግሪ ወደ 25 በመቶ ይደርሳል። 8 በመቶ ትንሽ ይመስላል፣ ግን የፎቶሽ ጥቁር ክፍል ራሱ የሚመልሰው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። መስኮቱ ከክፍሉ ብዙ እጥፍ ስለሚያበራ ያ 8 በመቶ ጥቁሩን በቀላሉ ይውጠዋል።

የቆየው መፍትሔ ቀጭን ሽፋን ነው። በካሜራሽ ሌንስ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ የሚመስለው ቀለም የዚያ ምልክት ነው። ማግኒዚየም ፍሎራይድ 100 ናኖሜትር ያህል (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ውፍረት ተደርጎ ሲቀባ፣ ከላዩና ከታቹ የሚመለሱት ሞገዶች እርስ በርስ ይጣፋሉ። በመስታወት ላይ 4 በመቶውን ወደ 1 በመቶ ተኩል አካባቢ ያወርደዋል። ግን የሚስማማው ለአንድ የሞገድ ርዝመት ነው፣ ሌላው ቀለም በከፊል ያመልጣል፣ በጎን ስታይውም ይቀየራል።

የእሳት እራት መንገድ ሌላ ነው። ዝላዩን ራሱን ያስቀራል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆመሽ አይተሽ ከሆነ፣ ማዕበሉ ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ ሲመታ ተመልሶ ይሄዳል፣ ቀስ እያለ ከፍ በሚል አሸዋ ላይ ሲመጣ ግን የሚመለስ ነገር የለውም። ብርሃንም እንደዚያው ነው። ኢንዴክሱ ከ1 ተነስቶ ቀስ በቀስ 1.49 ከደረሰ የሚመለሰው እጅግ ትንሽ ይሆናል። የእንግሊዙ የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ይህን በሒሳብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ችግሩ በአየርና በፕላስቲክ መካከል ያሉትን ኢንዴክሶች ሁሉ የሚሰጥ ጠጣር ነገር አለመኖሩ ነበር።

የእሳት እራት ግን አገኘችው። ተመራማሪዎቹ በርንሃርድና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1962 የነፍሳትን ዓይን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ የየአንዳንዷ ጥቃቅን ሌንስ ገጽ በጉብታ የተሞላ ሆኖ አገኙት። ቁመታቸውም እርስ በርስ ያላቸው ርቀትም 200 ናኖሜትር አካባቢ ነው። የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ስለሆነ፣ ብርሃኑ ጉብታዎቹን አንድ በአንድ አይለያቸውም። የሚሰማው አማካዩን ነው። ጫፋቸው ላይ አብዛኛው አየር ነው፣ መሃል ላይ እኩል በእኩል፣ ሥራቸው ላይ ሙሉ በሙሉ ጠጣር። ያ ሬይሊ ያሰበው ዳገት ማለት ነው። «ሸካራ ከሆነ አይበትንም ወይ» ላልሽው መልሱም እዚህ ነው፤ ሸካራነቱ ከሞገዱ በደንብ ካነሰ የሚበትነው እጅግ ትንሽ ነው።

ለምን አስፈለጋት? ሌሊት የምትበር ነፍሳት ናት፣ ያለውን ትንሽ ብርሃን ወደ ውስጥ ማስገባት ይጠቅማታል፣ ዓይኗ እያብረቀረቀ ለአዳኝ እንዳይጠቁማትም ይረዳታል። በቀን ከሚበሩት ቢራቢሮዎች መካከል የጉብታው ቁመት በጣም ይለያያል፣ ፓፒሊዮኒድ በሚባለው ቤተሰብ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ይህ ልዩነት በጣም ነው የሚገርመኝ፣ ተማሪዎቼንም ሁሌ እዚያ ላይ አቆማቸዋለሁ።

አንድ ነገር እንዳትረሺ። ፊልሙን ፊት ለፊት ብቻ ከለጠፍሽ የጀርባው 4 በመቶ አለ። ሁለቱም ገጽ መሸፈን አለበት፣ ካልሆነም ፎቶው ከአክሪሊኩ ጋር ያለ አየር መጣበቅ አለበት።


ሞባይል ጥገና፦

መምህር ያሉት ሁሉ ገብቶኛል፣ ትምህርቱም ጥሩ ነው። ግን እኔ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ስለምነካ አንድ ነገር ልበል። የሰው ጣት ወዝ አለው። ያ ወዝ እነዚያ ጉብታዎች መሃል ከገባ ምን ይሆናል? ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ስልኬ አይታየኝም እያለ ይመጣል፣ ይሄ ፊልም እንደሚባለው ቢሆን ኖሮ እስካሁን በየሱቁ በተንጠለጠለ ነበር። የሌለበት ምክንያት አለ። ደንበኛ ገዝቶ በሳምንቱ «አሻራ በአሻራ ሆነ» ብሎ ይመልስብኛል። እህታችን ገንዘቧን ከማፍሰሷ በፊት ይሄ ይታሰብበት።


ሽፋን ሠሪ፦

ጀርመን ውስጥ ፕላስቲክ ላይ ሽፋን የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ወንድሜ ሞባይል ጥገና የነካው ትክክለኛው ቁስል ነው። ወደሱ እመለሳለሁ። በመጀመሪያ ፊልሙ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ ዋጋውም ድክመቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሐሳቡን ወደ ሥራ የለወጡት በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ የነበሩት ክላፋምና ሀትሊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡት። ሁለት የሌዘር ጨረር ሲገናኝ የሚፈጥረውን የብርሃንና የጨለማ መስመር ብርሃን በሚለውጠው ሬዚን ላይ ቀረጹት፣ ሲታጠብ ጉብታ ቀረ። ከዚያ ቅርጹ ላይ ኒኬል በኤሌክትሪክ ይበቅልና የብረት ማኅተም ይወጣል። በማኅተሙ ፕላስቲኩን መጫን ነው። የቆየው የሲዲ ማተሚያም በዚሁ ዓይነት የኒኬል ማኅተም ነው የሚሠራው።

ይህ ለትንሽ ነገር ጥሩ ነው። ፊልም ግን በሜትር ነው የሚሸጠው። ጠፍጣፋ ማኅተም ሮለር ላይ ሲጠቀለል ሁለቱ ጫፍ የሚገናኙበት ስፌት ይኖረዋል፣ ያ ስፌት በየዙሩ ፊልሙ ላይ መስመር ይጥላል። ለትልቅ ቴሌቪዥን ስክሪን መስመር ያለበት ፊልም ዋጋ የለውም።

የተገላገሉት በአሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም አሲድ ውስጥ ሆኖ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ላዩ ላይ በቀዳዳ የተሞላ ኦክሳይድ ይበቅላል። በሮችና መስኮቶች ላይ ያለው የአኖዳይዝ አሉሚኒየም ሽፋን ያ ነው። ጃፓን ውስጥ ማሱዳና ፉኩዳ እ.ኤ.አ. በ1995 ሳይንስ መጽሔት ላይ ሁኔታው ከተመቸ ቀዳዳዎቹ ራሳቸውን በማር እንጀራ ቅርጽ እንደሚደረድሩ አሳዩ። የቀዳዳዎቹን ርቀት የሚወስነው ቮልቴጁ ነው፣ በአንድ ቮልት 2.5 ናኖሜትር ገደማ። ኦክዛሊክ አሲድ ውስጥ 40 ቮልት 100 ናኖሜትር ይሰጣል። ቀዳዳውን ሾጣጣ ለማድረግ ትንሽ አኖዳይዝ ይደረጋል፣ ወጥቶ በፎስፎሪክ አሲድ ይሰፋል፣ እንደገና ይመለሳል፣ እንደገና ይሰፋል። አፉ ደጋግሞ ስለሰፋ ሰፊ ይሆናል፣ መጨረሻው ጠባብ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሁሉ በክብ ሮለር ላይ በቀጥታ ስለሚሠራ ስፌት የሚባል ነገር የለም! እኔ በዚህ ዘርፍ ካየሁት ሥራ ሁሉ ይሄኛውን ነው የማደንቀው፣ ምክንያቱም ናኖሜትር የሚለካ ቅርጽ ያለ ሌዘርና ያለ ውድ ማሽን በገንዳ ውስጥ ይወጣል።

ቀሪው ፈጣን ነው። ፒኢቲ ወይም ቲኤሲ (ከሴሉሎስ የሚሠራ ግልጽ ፕላስቲክ) ፊልም ላይ ፈሳሽ ሬዚን ይቀባል፣ ሮለሩ ላይ ይጫናል፣ ከጀርባ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኘው ይጠነክራል፣ ይላቀቃል። ሚትሱቢሺ ሬዮን ሞስማይት የሚለውን ፊልም ያወጣው በዚህ መንገድ ነው፣ ሻርፕም እ.ኤ.አ. በ2012 ትልልቅ ቴሌቪዥኖቹ ላይ የእሳት እራት ፓነል አድርጎ ነበር። ሌላም መንገድ አለ፦ እዚሁ ጀርመን የና (Jena) በምትባል ከተማ ያለው የፍራውንሆፈር የምርምር ተቋም አክሪሊክን በፕላዝማ እየበላ ጉብታውን ከራሱ ከፕላስቲኩ ላይ ያወጣል፣ ምንም ሳይቀባ።

አሁን ወደ ጣት። የሰው ወዝ ኢንዴክስ 1.47 አካባቢ ነው፣ ከሬዚኑ ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። ጉብታዎቹ መሃል ሲገባ አየሩን ያስወጣል፣ ዳገቱ ይደለደላል፣ ያ ቦታ ተራ ፕላስቲክ ሆኖ 4 በመቶውን ይመልሳል። ዙሪያው ደግሞ ጥቁር ነው። ስለዚህ ተራ ፕላስቲክ ላይ ማንም የማያስተውለው አሻራ እዚህ ላይ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። በደረቅ ጨርቅ ብትጠርጊው ወዙን ይበልጥ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ። አንዳንድ አምራቾች ውሃ የሚወድ ሬዚን ይመርጣሉ፣ ያኔ በረጠበ ጨርቅ ሲጠረግ ውሃው ከሥር ገብቶ ወዙን ያነሳዋል። ውሃ የሚጠላ ፍሎሪን ያለበት ሬዚን የሚመርጡም አሉ፣ እሱ ወዙ መጀመሪያ እንዳይገባ ይከላከላል፣ ግን አንዴ ከገባ ማውጣቱ ይከብዳል።

መፋቅም አለ። ሬዚኑ በጣም ከጠነከረ ጉብታዎቹ ሲፈተጉ ይሰበራሉ። ከለሰለሰ ደግሞ ይተኛሉ ወይም አናታቸው እርስ በርስ ይጣበቃል፣ በተለይ ቁመታቸው ከውፍረታቸው ብዙ ሲበልጥ። መሃሉን ማግኘት ነው የኬሚስቶቹ ሥራ። ስለዚህ እኔ ለስልክ ስክሪን አልመክርም። ለእህታችን ፍሬም ግን፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማንም የማይነካው ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።


ሰላም ኬሚስትሪ፦

እኔ የማቴሪያል ሳይንስ ተማሪ ነኝ፣ ይህን ክር ሳነብ ልቤ ቆመ። ለመመረቂያ ሥራዬ ርዕስ እየፈለግሁ ነበር። እኛ ላብ ውስጥ የዲሲ ፓወር ሰፕላይ አለ፣ ኦክዛሊክና ፎስፎሪክ አሲድ አለ፣ የአልትራቫዮሌት መብራትም አይጠፋም። የሌለው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፣ ለዚያ ሌላ ቦታ ወረፋ መያዝ ይጠይቃል። ትንሽ ቁራጭ፣ መዳፍ የምታህል፣ ራሳችን መሥራት እንችላለን ወይ? ደግሞ ያነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ መጀመሪያ አሉሚኒየሙን በፐርክሎሪክ አሲድ ማለስለስ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ኦክሳይድ በክሮሚክ አሲድ ማጠብ ይላሉ። እነዚህን ሁለቱን ፈራኋቸው።


ሽፋን ሠሪ፦

ሰላም፣ መፍራትሽ ትክክል ነው። ፐርክሎሪክ አሲድ ከአልኮል ጋር ሲደባለቅ ሊፈነዳ ይችላል፣ ቅዝቃዜውን በደንብ መቆጣጠር የማይቻልበት ላብ ውስጥ አይሞከርም። ክሮሚክ አሲድ ውስጥ ያለው ስድስት ቫለንት ክሮሚየም ካንሰር ያመጣል፣ አወጋገዱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ግን ደስ የሚለው ነገር ላንቺ ሥራ ሁለቱም አያስፈልጉም።

እነዚያ ጽሑፎች ሁለት ጊዜ አኖዳይዝ የሚያደርጉት ቀዳዳዎቹ ፍጹም ተደርድረው እንዲወጡ ነው። የመጀመሪያው ኦክሳይድ ሲታጠብ ሥሩ ላይ የተደረደረ ጎድጓዳ ይቀራል፣ ሁለተኛው ከዚያ ይጀምራል። ነፀብራቅ ለማጥፋት ግን ድርድሩ አያስፈልግም። ርቀቱ ከሞገዱ ማነሱ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እንዲያውም ዝርክርክ መሆኑ ይጠቅማል፣ የተደረደረ ነገር በጎን ሲታይ ሰማያዊ ቀለም ሊበትን ይችላል።

ይህን ተፈጥሮም አሳይታናለች። በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኝ ክንፏ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ቢራቢሮ አለች፣ ግሬታ ኦቶ ትባላለች። ጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ክንፏን ሲያጠኑ ምሰሶዎቹ ቁመታቸውም አቀማመጣቸውም የተዘበራረቀ መሆኑን አገኙ። ቁመታቸው ከ400 እስከ 600 ናኖሜትር ይደርሳል፣ ነፀብራቋም እስከ 80 ዲግሪ ድረስ ከ2 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። ያንን በጎን የሚመጣ ብርሃን የሚቋቋመው የቁመቱ መለያየት ነው። ከላይ መምህር የጠቀሱትን በ75 ዲግሪ 25 በመቶ ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ስለዚህ የኔ ምክር ይሄ ነው። ንጽሕናው 99.99 በመቶ የሆነ አሉሚኒየም ፈልጊ፣ ተራው ውስጥ ያለው ብረትና ሲሊከን ቀዳዳውን ያበላሻል። መጀመሪያውኑ መስታወት የመሰለ ሆኖ ከመጣ ጥሩ፣ ካልሆነ በአልሚና ዱቄት አሽተሽ አለስልሺው፤ የቀረ ጭረት ፊልሙ ላይ ይታተማል። 0.3 ሞላር ኦክዛሊክ አሲድ፣ 40 ቮልት፣ በበረዶ የቀዘቀዘ ገንዳ፣ እየተማሰለ። ማስፊያው 5 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ። ከገንዳ ወደ ገንዳ ስትሄጂ በተጣራ ውሃ በደንብ እጠቢ። ቀዳዳው ጥልቀቱ 250 ናኖሜትር አካባቢ ይበቃሻል፣ ከዚያ በላይ ከሄድሽ ሬዚኑ ሲላቀቅ ይበጠሳል። ሬዚን ከማፍሰስሽ በፊት ማኅተሙ ላይ የማላቀቂያ ሽፋን የግድ ነው። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ ሬዚኑ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ይቀርና ማኅተሙም ይሞታል።

እጅ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ አየር ማስወጫ። ኦክዛሊክ አሲድ መርዝ ነው፣ ጓዳ ውስጥ የሚሠራ ነገር አይደለም።


የኦፕቲክስ መምህር፦

ሰላም፣ ማይክሮስኮፕ እስኪገኝ ድረስ በዓይንም ብዙ ማወቅ ይቻላል። የፊልሙን ጀርባ በጥቁር ቴፕ ሸፍኚው፣ አየር ሳይገባ። ያኔ የጀርባው ነፀብራቅ ይጠፋና የፊቱን ብቻ ታያለሽ። የተሠራውንና ያልተሠራውን ጎን ለጎን አድርገሽ የመብራት ምስል ተመልከቺባቸው። ከዚያ አዘንብለሽ እዪ። ከላይ ያልኩት ዓይነት ቀጭን ሽፋን በብዙ ንብርብር የተቀባበት ነገር ሲያዘነብል ቀለሙ ይቀያየራል፣ የእሳት እራት ገጽ ግን ቀለሙ ብዙም አይለወጥም። ወተት የመሰለ ጭጋግ ካየሽ ከሞገዱ የሚበልጥ ሸካራነት አለ ማለት ነው፣ የጭረት ወይም የተጣበቁ ጉብታዎች ምልክት።

አንድ የአልኮል ጠብታም ጣዪበት። የረጠበው ቦታ ወዲያው ያብረቀርቃል፣ ሲተን ተመልሶ ይጠቁራል። ይህን ተማሪ ፊት ማሳየት እወዳለሁ፣ ነፀብራቁን ያጠፋው ጉብታዎቹ መሃል ያለው አየር መሆኑ በአንድ ጠብታ ይገባቸዋል።


ሞባይል ጥገና፦

ሽፋን ሠሪ፣ አንድ ጥያቄ። ለፍሬም ለፍሬም እንኳን፣ በብዙ ንብርብር የተሸፈነው አክሪሊክ አይሻላትም? እሱ ቢያንስ ይጠረጋል። ለሙዚየም ተብሎ የሚሸጥ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።


ሽፋን ሠሪ፦

አለ፣ ጥሩም ነው፣ ውድም ነው። ሰው የሚነካው ቦታ ከሆነ እኔም እሱን ነው የምመርጠው። ድክመቱ ሌላ ነው፦ ሽፋኑ ኦክሳይድ ነው፣ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ነው፣ ፕላስቲክ በሙቀት ከኦክሳይድ ብዙ እጥፍ ይለጠጣል። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ሽፋኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። የእሳት እራት ፊልም ሁሉም ነገሩ ፕላስቲክ ስለሆነ አብሮ ይለጠጣል። በጎን ለሚታይ ነገርም ይሻላል። ኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ ሰው ከጎን እየመጣ ነው የሚያየው፣ ለዚህ ነው ለሷ እሱን ያልኩት።


ፍሬምና ፎቶ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው የመለሳችሁልኝ። ኤግዚቢሽን የሚቀርቡት ፎቶዎች ከፍ ብለው ስለሚሰቀሉ ማንም አይነካቸውም፣ ለነሱ ፊልሙን ልሞክር ነው። የሚሸጡት ግን ሰው ቤት ይሄዳሉ፣ በጨርቅ ይወለወላሉ፣ ሕፃን ይነካቸዋል፣ ስለዚህ እነሱን በተራው አክሪሊክ እተዋቸዋለሁ። ናሙና ለማዘዝ ምን ልጠይቅ? ስለጥፍስ ምን ልጠንቀቅ?


ሽፋን ሠሪ፦

የሥር ፊልሙ ምን እንደሆነ ጠይቂ። ቲኤሲ ወይም አክሪሊክ ከሆነ ይሻልሻል። ፒኢቲ ኢንዴክሱ ከሙጫውም ከሬዚኑም ስለሚለይ አንዳንዴ ቀጭን የቀስተ ደመና መስመር ያሳያል፣ ጥቁር ፎቶ ላይ ደግሞ ያ ይታያል። ሙጫው ለኦፕቲክስ የተሠራ ግልጽ ሙጫ መሆን አለበት፣ ተራ ሙጫ ይበጫል። ፎቶው እንዳይደበዝዝ የአልትራቫዮሌት መከላከያ ከፈለግሽ ለብቻው ጠይቂ፣ ጉብታው ራሱ አልትራቫዮሌትን አያግድም። ለሁለቱም ገጽ የሚበቃ እዘዢ።

ፊልሙ የሚመጣው ላዩ ላይ መከላከያ ላስቲክ ተለጥፎበት ነው። ሳትላጪው ለጥፊ፣ ሮለሩንም በላስቲኩ ላይ ነው የምትነጂው፣ ጉብታው ራሱ ግፊት አይወድም። ቀስ ብለሽ ከአንድ ጫፍ ጀምሪ። የውስጠኛውን ላስቲክ ፍሬሙን ልትዘጊ ስትይ ላጪው፣ ዱብ ያለ አቧራ ካለ በአየር ፓምፕ ንፊው እንጂ በጨርቅ አትንኪው። የፊቱን ደግሞ ፎቶው ከተሰቀለ በኋላ፣ ግድግዳው ላይ እንዳለ፣ ጫፉን ይዘሽ ላጪው። ከላጥሽ በኋላ በመብራት በጎን እዪው፤ የላስቲኩ ሙጫ ቅሪት ካለ ነጠብጣብ ሆኖ ያበራል፣ እንዲህ ያለ ናሙና ከመጣልሽ ለሻጩ መልሺለት።


የኦፕቲክስ መምህር፦

ከማዘዝሽ በፊት አንድ ነገር ብቻ። አዳራሹ ውስጥ ተመልካቹ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቁሚና ፎቶው ባለበት ተራ የፊት መስታወት አስይዢ። መስታወቱ ውስጥ መስኮቱን ካየሽ ፎቶውም ያንኑ ያሳያል። የላይኛውን ጫፍ ትንሽ ወደ ፊት ብታዘነብዪው ነፀብራቁ ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ ወለሉም ጨለም ያለ ከሆነ ነገሩ ይቀልልሻል። ፊልሙን ለዚያ መላ ለማያገኙት ፎቶዎች አስቀምጪው።